ራሂል ለምን ጎረቤት የላትም?

ሐምራን ትቶ ቡርጅ ሃሙድ መግባት ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለው ክርክር በእኛ መሀል አያልቅም። እሁድ በተገናኘን ቁጥር አንዷ ታነሳዋለች። ወይ ማዳም ቤት ማደር የሰለቻት ናት፣ ወይ በሰዓት ብሠራ ይሻለኛል ብላ ሂሳብ የጀመረች፣ ወይ ደግሞ ነብዓ የምትኖር ጓደኛዋ "አልጋ ተለቋል፣ ቶሎ ነይ" ብላ የደወለችላት። ከዚያ ሁሉም ምክሯን ታወርዳለች። አንዷ ነፃነት ነው ትላለች፣ ሌላዋ በሌባና በፖሊስ መሀል መግባት ነው ትላለች። ክርክሩ ሲሞቅ ደግሞ ሁልጊዜ አንዷ ልጅ "ቅፍርናሆምን አላያችሁም እንዴ?" ትላለች። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። ውጪ የወጣችው ራሂል ምን እንደደረሰባት አይታችኋል አይደል፣ ማለቷ ነው።

እኔ ፊልሙን ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ወሬው ግን እዚያ ላይ መቆም የለበትም ባይ ነኝ። ፊልሙ ጥሩ ነው። ለዚህ ጥያቄ ምስክር አድርገን ከጠራነው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። የተወው ግማሽ ደግሞ ለእኛ ዋናው ነው።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። "ቅፍርናሆም" የናዲን ላበኪ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት አገኘ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለኦስካር ታጨ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዘይን የሚባል ልጅ አለ። ዕድሜው ወደ አስራ ሁለት ይገመታል፤ የሚገመተውም የልደት ወረቀት ስለሌለው ነው። ትንሽ እህቱን ለባለሱቅ ሲድሯት ተናዶ ከቤት ይጠፋል፣ ዞሮ ዞሮ አንድ የመጫወቻ ቦታ ይደርሳል። እዚያ የምታጸዳ ሐበሻ ያገኛል፣ ራሂልን። ራሂል ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ናት፣ የምትሠራው በሌላ ሰው ስም በወጣ የውሸት መታወቂያ ነው፣ ዮናስ የሚባል ገና ዳዴ የሚል ልጅ አላት። ሥራ ስትሄድ ልጇን ደብቃ ይዛው ትገባና ሽንት ቤት ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ዘይንን ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ትወስደዋለች፤ እሷ ስትሠራ እሱ ዮናስን ይይዝላታል። አንድ ቀን ትያዝና አትመለስም። ዘይንና ሕፃኑ ብቻቸውን ይቀራሉ።

ራሂል ሆና የሠራችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ናት። ትወና ተምራ የመጣች አይደለችም፣ ኑሮውን የምታውቅ ናት። ፊልሙ እየተሠራ ሳለ እሷ ራሷ ወረቀት የለሽም ተብላ በእውነት ታስራ ነበር፤ ዳይሬክተሯ ገብታበት ነው የተፈታችው። ዮናስን ሆና የሠራችው ሕፃን (ሴት ናት) ወላጆችም እንዲሁ ተይዘው ነበር። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ራሂል እስር ቤት ውስጥ ጡቷ ሞልቶ ወተቷን እያለበች የምታለቅስበትን ቦታ ስታዩት ፊልም መሆኑ ይጠፋባችኋል። እኔ እዚያ ላይ ስልኩን ዘግቼ ውሃ ጠጥቼ ነው የቀጠልኩት።

ስለ ወረቀት ፊልሙ አንድም ነገር አልዋሸም። ኢቃማችን በከፊላችን ስም የታሰረ ነው፣ ከቤቱ ከወጣን ወረቀቱም አብሮ ይሞታል። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ1946 ሲወጣ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አደረጋት፣ እስከ ዛሬም ውጪ ናት። በ2009 አንድ ወጥ የሥራ ውል መጣ። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴር የተሻለ ውል አወጣ፣ አሠሪ ሳያስፈቅዱ ሥራ መልቀቅ የሚፈቅድ። ወር ሳይቆይ የመክተብ ባለቤቶች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም አገደው። ልጅ ስላላቸው ደግሞ፦ በ2014 እዚህ አገር ልጅ የወለዱ ስደተኛ ሠራተኞች ኢቃማችሁ አይታደስም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ መባል ጀምረው ነበር። ራሂል ዮናስን የምትደብቀው ጸሐፊዎቹ ታሪኩ እንዲያሳዝን ፈልገው አይደለም። በዚያ ጊዜ የብዙ እናቶች ኑሮ ይሄው ነበር።

ስለዚህ "ውጪ መውጣት ወረቀት ያስከፍላል" ለምትል ልጅ ፊልሙ ትክክለኛ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ራሂል ከጠፋች በኋላ ዘይን ሕፃኑን ተሸክሞ ይዞራል። ሲደክመው ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጦ በስኬትቦርድ ይጎትተዋል። ወተትና ዳይፐር ለማግኘት ሶርያዊ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ይህ ሁሉ ሲሆን ያን ቆርቆሮ በር አንኳክታ "ራሂል፣ ኧረ የት ጠፋሽ?" የምትል አንዲት ሐበሻ አትመጣም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ አንድም ሰው አልመጣም። ራሂል ቤተ ክርስቲያን የላትም፣ እቁብ የላትም፣ ያበደረቻት የለችም፣ የተጣላቻት እንኳን የለችም! እስቲ ንገሩኝ፣ ነብዓ ወይም ዶራ እየኖረች ማንም ሐበሻ የማያውቃት ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃን ያላት? እኛ እኮ አዲስ ሰው ሰፈር ሲገባ ከየት ቀበሌ እንደመጣች በሁለት ቀን የምናውቅ ሰዎች ነን።

ዳይሬክተሯ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ይገባኛል። ሐበሾቹ ከመጡ ሕፃኑን ይወስዱታል፣ ታሪኩም ያበቃል። ዘይን ብቻውን እንዲቀር ራሂል ብቻዋን መሆን ነበረባት። ለፊልሙ ይጠቅማል። ለእኛ ግን ሰፈሩን ከእኛ ባዶ አድርጎ ነው ያሳየን፤ ከዚያ ባዶ ሰፈር ላይ ተነስተን ልሂድ አልሂድ ብለን እንወስናለን።

አንድ የማውቃት ልጅ አለች፣ ነብዓ ከሦስት ሴቶች ጋር ትኖራለች። አንድ ማታ ከሥራ ሳትመለስ ቀረች። አራት ሰዓት ሲሆን አብረዋት የሚኖሩት መደዋወል ጀመሩ። የምትሠራበትን ቤት ሰፈር የምታውቅ አንዷ ነበረች፣ የሹፌሩን ቁጥር የያዘች ሌላ ነበረች። ጠዋት ላይ የትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንዳለች ታወቀ። ወረቀቷን ያዘጋጀ ሰው ተገኘ፣ ልብስና የወር አበባ መጠበቂያ ተላከላት። ወዲያው አልወጣችም፣ ውሸት አልነግራችሁም። የት እንዳለች ግን በአንድ ሌሊት ታወቀ። ሐምራ ውስጥ በየቤቱ ተበትነን ስንኖር ብትጠፊ ማን ያውቃል? ከበረንዳ በረንዳ የምትሰላመቺያት ልጅ ምናልባት ሦስት ቀን ካላየችሽ "ማዳሟ ይዛት ወደ ተራራ ወጥታ ይሆናል" ትላለች። ናቱሩ ቢያውቅም አይናገርም።

ግን ደግሞ ቡርጅ ሃሙድን ገነት አድርጌ አልሥልም። ፊልሙ ውስጥ አስፕሮ የሚባል ሰው አለ። ሱቅ አል-አሐድ፣ ወንዙ ዳር ያለው የእሁድ ገበያ ውስጥ ይሠራል፤ የውሸት ወረቀት ይሸጣል። ራሂል ገንዘቡ ሲያጥራት ልጁን ስጪኝ ይላታል። አስፕሮን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፊልሙ የሳተው አንድ ነገር የእኛው አስፕሮ ብዙ ጊዜ አማርኛ የሚናገር መሆኑን ነው። "እህቴ፣ አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ" ብሎ የሚጀምር ነው። ከፊል አገኝልሻለሁ ብላ ብር ተቀብላ ስልኳን የምትዘጋው ምናልባት የአገርሽ ልጅ ናት፣ ምናልባትም ቡና አብራችሁ ጠጥታችኋል። ስለዚህ "እዚያ ሐበሻ ብዙ ነው" የሚለው ምክር ሁለት ስለት አለው። ሰው ብዙ መሆኑ ይፈልግሻል፣ ሰው ብዙ መሆኑ ይበላሻል።

አሁን ስለ ሰፈሩ ራሱ፣ ምክንያቱም ልንሄድበት እያሰብን ማን እንደሠራው አናውቅም። ቁጥር 2 ባስ ይዘሽ ከሐምራ ስትሄጂ የቤይሩትን ወንዝ ስትሻገሪ ከከተማዋ ወጥተሻል። ቡርጅ ሃሙድ የራሱ ማዘጋጃ ቤት አለው። ወንዙ ክረምት ካልሆነ ሲሚንቶ ቦይ ነው፣ ብዙዎቻችን ወንዝ መሆኑንም አናውቅም። ከዚያ ወዲያ የሱቁ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ዓረብኛው አጠገብ ሌላ ፊደል ታያለሽ፣ አርመንኛ ነው።

አርመኖቹ እንደ እኛ ተሰደው ነው የመጡት። ከ1915 ጀምሮ በቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉት መጀመሪያ ድንኳንና ቆርቆሮ ውስጥ ሰፈሩ፤ ኋላ ረግረግ የነበረውን ይህን መሬት አጠንክረው ቤት ሠሩበት። መንደሮቹን ባጧቸው ከተሞች ስም ጠሯቸው፤ ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና። "ኖር" አዲስ ማለት ነው። አዲስ ማራሽ፣ አዲስ አዳና። እኔ ይህን ስሰማ አዲስ ደሴ፣ አዲስ ወልዲያ ብለን የሰየምነው አንድ መንገድ ቢኖር ብዬ አሰብኩ። የለም። ለምን የለም? አርመኖቹ በ1924 የሊባኖስ ዜግነት ተሰጣቸው። ድንኳን ውስጥ ሆነው ወረቀት አገኙ፣ ከወረቀቱ በኋላ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ በፓርላማ ወንበር። እኛ ደግሞ ፓስፖርት ይዘን በአውሮፕላን መጥተን ገና ኤርፖርት ላይ ከእጃችን ይወሰዳል። ልዩነቱ ጉብዝና አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከወሬው ትንሽ ቢወጣም። ከአርመኖች ጋር ዝምድና አለን። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፣ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ "አርባ ልጆች" የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የድሮውን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ የደረሰ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም እህትማማች ናት፤ የአርመን ካቶሊኮስ መንበር አንቴልያስ፣ ከዶራ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እኔ ይህን ለአንድ አርመናዊ ባለሱቅ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኩት። ደስ አለው፣ አንድ ጭማቂ በነፃ ሰጠኝ። ኪራይ ግን በዝምድና አይቀንስም፤ በዶላር ነው፣ በቅድሚያ ነው። ጄኔሬተሩ ኢሽቲራክም እንደዚያው። በጋ ላይ ከባህሩ ዳር የሚመጣው የቆሻሻ ክምሩ ሽታ ለሁሉም እኩል ነው።

"ማዳም ቤት ቢያንስ ጥላ ነው" የሚለውንም ምክር እንየው፣ ምክንያቱም ፊልሙን የሚያነሱት ልጆች የሚሉት በስተመጨረሻ እሱን ነው። በ2019 መጨረሻ ገንዘቡ መውደቅ ሲጀምር ዶላሩ በ1,507 ሊራ ነበር፤ በ2023 ወደ 90,000 ደረሰ። ደሞዝ የቆመባቸው ማዳም ቤት የነበሩት ናቸው። በሰኔ 2020 ሐዝሚዬ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው የተጣሉት ልጆችም ከቤት የመጡ ነበሩ፣ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው አራግፈዋቸው ሄዱ። በመስከረም 2024 ቦምቡ ሲበረታ አንዳንድ ቤተሰቦች ሠራተኛዋን ቤት ጠባቂ አድርገው ትተው ሸሹ፣ በር የቆለፉባትም ነበሩ። በነሐሴ 2020 የወደቡ ፍንዳታ ደግሞ በሌላ በኩል፣ ለወደቡ የቀረበውን ቡርጅ ሃሙድን ክፉኛ መታው። ቦታ ብቻ የሚያድን ቢሆን ኖሮ ምርጫው ቀላል ነበር።

እዚህ ላይ ፊልሙ አንድ ትልቅ ነገር ሳያነሳ አለፈ። ራሂል ከአሠሪዋ ቤት ለምን እንደወጣች ጊዜ ወስዶ አያሳየንም። ዘይን ከቤቱ የወጣበትን ምክንያት ግን ግማሽ ሰዓት አሳይቶናል፤ እናቱን፣ አባቱን፣ እህቱን፣ ደረጃውን፣ ፍራሹን። ስለዚህ ዘይን ቢጠፋ ትክክል ነው እንላለን። ራሂልን ግን ውጪ ሆና ነው የምናገኛት፣ እንደዚያው ተወልዳ ያደገች ይመስል። የነበረችበት ወጥ ቤት፣ የምታድርበት ጠባብ ክፍል፣ የተቆለፈው በር አይታይም። ሰው ውጪ ያለውን መከራ ብቻ አይቶ ውስጥ ያለውን ካላየ "ምነው በቀረች" ይላል። ማዳሞችም ፊልሙን አይተው አልቅሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ያለቀሱት ለሕፃኑ ነው። ወጥ ቤታቸው ፊልሙ ውስጥ ስለሌለ ማልቀስ ቀላል ነበር።

ሌላው የከነከነኝ ፍርድ ቤቱ ነው። ዘይን ወላጆቹን "ለምን ወለዳችሁኝ" ብሎ ይከሳል። የዘይን ጠበቃ ሆና የምትቀርበው ዳይሬክተሯ ራሷ ናት። በፊልሙ ሁሉ ላይ ድሃ አይውለድ የሚል ድምፅ አለ፤ ራሂልንም ሳይነካ አያልፍም። የራሂል ጭንቅ የመጣው ግን ከመውለዷ አይደለም። ኢቃማ ቢኖራት ዮናስን በቀን መንከባከቢያ ትታው ትሄድ ነበር፣ ሽንት ቤት ውስጥ ማንም አይደብቀውም። ያን ፍርድ ቤት እኔ ብጽፈው ተከሳሽ ወንበር ላይ የዘይንን እናት አላስቀምጥም ነበር።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ እኔስ? ነብዓ አልጋ ተለቋል ተብሎ ከተደወለላቸው አንዷ ነኝ። ኢቃማዬ ገና ሰባት ወር አለው፣ ከፊሌ ክፉ ሰው አይደለችም፣ በር አልተቆለፈብኝም። ወረቀቴ ሳይሞት አሁን አልወጣም። በዚያ ፊልም ውስጥ ካለው ሁሉ እውነት የሆነው እሱ ነውና። ከወጣሁ የምወጣው በስምምነት፣ ወረቀቴን የምትይዝ ከፊል በእርግጠኝነት አግኝቼ ነው፣ ያውም በስልክ "አለሁልሽ" ባለኝ ሰው በኩል አይደለም። ደላላ ሳይሆን እንደ "እኛ ለእኛ በስደት" ያሉ በእኛው በቤት ሠራተኞች የተመሠረቱ ማኅበራትን ቀድሜ እጠይቃለሁ፤ መጠየቅ ነፃ ነው።

ነብዓ ላለችው ጓደኛዬ ግን ስለ ኪራዩና ስለ ክፍሉ መስኮት አልጠየቅኋትም። የጠየቅኋት ሌላ ነው። አራታችሁ የሥራ ቦታችሁን አድራሻ አንዳችሁ ለሌላችሁ ሰጥታችኋል ወይ? የፓስፖርታችሁ ኮፒ ማን ጋ ነው? አንዷ ማታ ካልመጣች ስንት ሰዓት ላይ ነው መፈለግ የምትጀምሩት? አገር ቤት የማን ስልክ ነው የሚደወለው? መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ "አንቺ ልትከራዪ ነው ወይስ ልትመረምሪ?" አለችኝ። ከዚያ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ እንደሌላቸው ነገረችኝ። ባለፈው እሁድ አራቱም ኮፒያቸውን አውጥተው አንዱን እኔ ጋ፣ ሐምራ፣ አስቀመጡ። የእኔንም እነሱ ወስደዋል።

ፊልሙን ያላያችሁ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ዓረብኛው የሰፈር ዓረብኛ ስለሆነ ይገባችኋል። ራሂል አልፎ አልፎ አማርኛ ስትናገር ድምፁን ከፍ አድርጉት። ልጃችሁን አገር ቤት ትታችሁ የመጣችሁ ግን ሌሊት ብቻችሁን አትዩት።